ልጄን ከሳፋ ውስጥ አወጣኋት፤ የድሬ ወላጆች እስቲ እንነጋገር

እናት ከቀፊራ
ሐምሌ 7፣ ማታ 3:20

ሰላም የድሬ ሰዎች። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ውሃ በፈረቃ መሆኑን ታውቃላችሁ። በመጣች ሌሊት ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ይሞላል። በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር። ጠዋት ልብስ ልዘፍዝፍ ብዬ ትልቁን ሳፋ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ውሃው ቢበዛ አንድ ስንዝር ነው። ልጄ 1 ዓመት ከ2 ወሯ ነው፤ ገና ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው። አጠገቤ ቁጭ ብላ በልብስ መቆንጠጫ ትጫወታለች። ሳሙናው ማድ ቤት ቀርቶ ነበር። ገብቼ አነሳሁና ተመለስኩ። ስልክ አላነሳሁም፤ ከሰው ጋር አላወራሁም። ገባ ወጣ ነው ያልኩት።

ስመለስ የሚታየኝ ሁለት እግሯ ነው። ጭንቅላቷም ደረቷም ሳፋው ውስጥ ነው።

ድምፅ አልነበረም። ልጅ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ይንቦጫረቃል፣ ይጮሃል፣ እሰማለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ምንም አልሰማሁም። በረንዳው እንኳን አልረጠበም። ሳፋው ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ እሱ ነው፣ ደረቁ ሲሚንቶ። መቆንጠጫውን በእጇ እንደያዘች ነበር።

ብድግ አድርጌ አወጣኋት። ሳለች፣ አስመለሳት፣ ከዚያ አለቀሰች። ለቅሶዋን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንድ ትልቅ ሴት «በእግሯ ይዘሽ ዘቅዝቂያት፣ ውሃው ይውጣላት» አሉኝ። ዘቀዘቅኳት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሮጥን። እስከ ማታ ሲያዩዋት ቆይተው «ደህና ናት» ብለው ሸኙን። አልሐምዱሊላህ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። መዘቅዘቄ ልክ ነበር? ሁለተኛው ስለ ትልቁ ልጄ ነው። 9 ዓመቱ ነው። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ዝግ ነው። ጠዋት ከወጣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲያሳድድ ነው የሚውለው። ብከለክለው በጓሮ ይወጣል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ከቅዳሜ ወዲህ ሁለቱንም ከዓይኔ ላርቅ አልቻልኩም፤ እንዲህ ሆኖ ደግሞ አይኖርም።

የሳቢያን ነርስ
ሐምሌ 7፣ ማታ 4:05

እህቴ፣ እንኳን አተረፈልሽ። ራስሽን አትውቀሺ። ልጅ ለመስጠም «ገባ ወጣ» ካልሽው በላይ ጊዜ አይፈልግም።

በዚህ ዕድሜ ጭንቅላታቸው ለሰውነታቸው ከባድ ነው። ሳፋ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ሲሉ ወደ ፊት ይስባቸዋል። ከወደቁ በኋላ ራሳቸውን የሚያነሱበት የክንድ ጉልበት የላቸውም። ባልዲ ከሳፋም ይብሳል። ውሃ ሲይዝ ይከብድና አይገለበጥላቸውም። አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል።

ስለ ድምፁ። ለመጮህ አየር ያስፈልጋል። የሚሰጥም ሰው ያቺን ያገኛትን አየር ለመተንፈስ ነው የሚጠቀምባት፤ ለጩኸት የሚተርፈው የለም። ትልልቅ ልጆችም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚመስል፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ የጣለ፣ አፉ ብቅ ጥልቅ የሚል፣ በእጆቹ ውሃውን ወደ ታች የሚጫን ልጅ ካያችሁ እየተጫወተ አይደለም። ጥሩት። ካልመለሰ አንድ ደቂቃ እንኳን የላችሁም።

መዘቅዘቅ ግን አይደረግም። ጎረቤትሽን ለመውቀስ አይደለም፤ የኔም እናት የምታውቀው ይህንኑ ነው። ሲዘቀዘቅ የሚወጣው የሆድ ውሃ ነው። ትውከት ይዞ ይወጣና ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሆድ መጫንም ያው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጊዜ መብላቱ ነው። የሰጠመ ልጅ የጎደለው አየር ነው።

ስለዚህ ልጁ ካልተነፈሰ አንድ ሰው መኪና ወይም አምቡላንስ ይጥራ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አንቺ ግን ልጁን ደረቅና ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው አስተኚው። ግንባሩን ይዘሽ ራሱን በቀስታ ወደ ኋላ አድርጊ፣ አገጩን ቀና አድርጊ። አፍሽን አፉ ላይ ገጥመሽ 5 ጊዜ እፍ በይበት። ሕፃን ከሆነ አፉንም አፍንጫውንም ባንድ ላይ በአፍሽ ሸፍኚ። ደረቱ ከፍ ሲል ካየሽ አየሩ ገብቷል ማለት ነው። አሁንም ካልተነፈሰ የደረቱን መሀል 30 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኚ፣ 2 ጊዜ እፍ በይ፣ እንደገና 30። ለሕፃን ደረቱን በሁለት እጅ አቅፈሽ በሁለት አውራ ጣት፣ ከፍ ላለ ልጅ በአንድ እጅ መዳፍ። ደረቱ ሲሶ ያህል መግባት አለበት። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ካስመለሰው ወደ ጎን አዙረሽ ጠረግ አድርጊና ቀጥዪ። እርዳታ እስኪደርስ ወይም ልጁ እስኪነቃ አታቁሚ።

ጤና ጣቢያ መውሰድሽ በጣም ልክ ነው። ልጅ ነቅቶ ቢጫወትም ይታይ። ሳሉ ካላቆመ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አደራ፣ እንደገና ይዛችሁት ሂዱ።

እናት ከቀፊራ
ሐምሌ 7፣ ማታ 4:31

አላህ ይስጥሽ እህቴ። አንብቤ ለባለቤቴም አነበብኩለት። ለእኚያ ጎረቤቴም ነገ በቀስታ እነግራቸዋለሁ፤ ክፉ አስበው አይደለም።

የደቻቱ ዳር ሰው
ሐምሌ 8፣ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ ስለ ደቻቱ እኔ ልንገርሽ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ዳር ነው፤ አሁን 60 አልፎኛል።

ደቻቱን ወንዝ ነው ስንለው እንግዳ ሰው አያምነንም። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ የሚያቋርጠው ያቋርጣል፣ ግመል ያልፋል፣ ልጅ ይጫወታል። የሚያዘናጋንም ይሄው ደረቅነቱ ነው። ዝናቡ እኛ ላይ መዝነብ የለበትም። ደንገጎ ላይ፣ ከዚያም ወዲያ ደጋው ላይ ይዘንባል። እኛ እዚህ ፀሐይ ላይ ላብ እየጠረግን ውሃው ተራራውን ጨርሶ እየወረደ ነው። ሲደርስ ቀስ ብሎ አይሞላም። ፊቱ ቅጠል፣ አረፋና ግንድ ነው፤ ከኋላው ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል።

የ1998ቱን ጎርፍ የማያስታውሱ ወጣቶች እዚህ ስላሉ እላለሁ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ቅዳሜ ሌሊት ነበር። ሰው ተኝቷል። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። የእኔ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበረ ተረፍን። ሲነጋ ስወጣ የጎረቤቴ የግቢ በር ቆሟል። ቁልፉም እንደተቆለፈ ነው። ከበሩ ኋላ ግን ቤት የለም። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዳርና ዳር ግንቡ ተሠራ፣ ጥሩ ነው። ግንቡ ግን ከተማውን ነው የሚጠብቀው። አሸዋው ላይ ያለ ልጅ ከግንቡ ውስጥ ነው ያለው።

ለልጅሽ ሦስት ነገር አስጠኚው። እኔ የልጅ ልጆቼን እንዲህ ነው ያስጠናኋቸው። ደንገጎ በኩል ተራራው ከጠቆረ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም፣ አሸዋው ላይ አይውልም። ከባድ መኪና ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ከሰማ፣ ወይም ድንገት እርጥብ አፈር የሚሸት ቀዝቃዛ ነፋስ ከመጣ፣ ወይም ከላይ በኩል ሰው ሲጮህና ሲያፏጭ ከሰማ፣ ኳሱን ትቶ ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች አይሮጥም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ቅርቡ ዳር ነው። ኳስ ሌላ ይገዛል። ለኳስ ሲመለስ የቀረ ልጅ አውቃለሁ፤ ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ እናቱ አሁንም ሰፈራችን ናት።

የሳቢያን ነርስ
ሐምሌ 8፣ ጠዋት 2:02

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጎርፉ ካለፈ በኋላ «ጎሏል» ብሎ የሚሻገር አለ። የሚፈስ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። ይህ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ልጅ ታቅፋችሁ በባጃጅ ጎርፍ አትሻገሩ፤ ሹፌሩ «አብሽሩ» ቢላችሁም ውረዱ።

አባት ከመልካ ጀብዱ
ሐምሌ 8፣ ቀን 6:40

ሁላችንም እኮ አሸዋው ላይ ነው ያደግነው። በርሜል ውስጥ እየገባን ነው የታጠብነው። የማንም ቀን ሳይደርስ አይሄድም። ልጅን እንዲህ እያስፈራራን ካሳደግነው ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? ልጅ ይጫወት። አላህ ይጠብቀዋል።

የደቻቱ ዳር ሰው
ሐምሌ 8፣ ቀን 7:25

ወንድሜ፣ እኔም አብሬህ በዚያ አሸዋ አድጌያለሁ። «ሁላችንም» ስንል ግን እዚህ የተገኘነው ብቻ ነን የምንናገረው። የቀሩት አይጽፉም። ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ ተብሏል። ማሰሩ የኛ ድርሻ ነው። ይጫወት፣ እኔም ይጫወት ነው የምለው። ተራራውን አይቶ ይጫወት።

አባት ከመልካ ጀብዱ
ሐምሌ 8፣ ቀን 7:50

እሱስ እውነት ነው ጋሼ። ቤት ያለውን በርሜል አሁን ሄጄ አየሁት። ክዳን የለውም። የ2 ዓመት ልጅ አለችኝ።

የከዚራ ልጅ
ሐምሌ 8፣ ማታ 1:10

አቦ፣ ዋና ማስተማር ለምን ማንም አላነሳም? በዚህ ሙቀት ልጅ ውሃ ይፈልጋል፣ አለቀ። ብትከለክሉትም ይሄዳል። እኔ ዋና የለመድኩት በ13 ዓመቴ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው። አሁን የእህቶቼን ልጆች እኔ ነኝ የማስተምረው። ከ6 ዓመት ጀምሮ በደንብ ይይዛሉ። መጀመሪያ የማስተምራቸው መዋኘት አይደለም። በጀርባ መንሳፈፍ ነው። ጆሮህን ውሃው ውስጥ ክተት፣ ሆድህን ወደ ሰማይ፣ ተንፍስ። ልጅ ደንግጦ ሳለ ይህን ማድረግ ከቻለ ሰው እስኪደርስለት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ ዞሮ ጠርዝ መያዝ። እጅ እግር መቅዘፍ በኋላ ይመጣል።

ቅዳሜና እሁድ ገንዳ ዳር የማየው ነገር ግን ያሳምመኛል። ወላጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩ ላይ ነው፣ ወይም ጨዋታ ይዟል። ልጁ ክንድ ላይ የሚነፋ ፕላስቲክ አድርጎለታል። ያ ፕላስቲክ መጫወቻ ነው። ይተነፍሳል፣ ከክንድ ይወልቃል። ባለፈው ወር አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ጥልቀት ባለው በኩል አንዱ ወልቆባት በሌላው ተንጠልጥላ ፊቷ ውሃ ውስጥ ሆኖ አገኘኋት። አባቷ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ጀርባውን ሰጥቷል። ሳወጣት ነው የዞረው። ሰውዬው መጥፎ አባት አይደለም። ሌሎቹ ያዩአታል ብሎ ነበር። ሌሎቹም እሱ ያያታል ብለው ነበር።

ስለዚህ እኛ ቤት አንድ ሰው በስም ይያዛል። «አሁን አንተ ነህ የምታየው» ይባላል። ስልኩን ለሌላ ሰው ይሰጣል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ተራውን ያስረክባል። ዋና ለማይችል ልጅ ደግሞ ማየት አይበቃም፤ እጃችሁ ሲዘረጋ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት።

እናት ከጀጎል
ሐምሌ 8፣ ማታ 2:30

ከሐረር ነኝ። የከዚራው ወንድማችን ያለው ጥሩ ነው። ግን ለስንቱ ቤተሰብ ነው? የገንዳ መግቢያ ለአንድ ልጅ የማይከፈልበት ቤት አለ። ሴት ልጆች ደግሞ የሚዋኙበት ለብቻ ሰዓት ካልተያዘ ብዙ እናት አትልክም፤ እኔም አልልክም። ሴት ልጅ ግን ውሃ ሲወስዳት ሴት ናት ብሎ አይምራትም። የሴት አስተማሪና የተለየ ሰዓት የሚያዘጋጅ ቢኖር የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

የኛ ሐረር ችግር ሌላ ነው። ወንዝ የለንም፤ ውሃ ለማጠራቀም ግቢ ውስጥ የተቆፈረ ታንከር ግን በየቤቱ አለ። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ይዝጋል፣ ልጅ ላዩ ላይ ይዘልላል። እኔ ባለፈው ዓመት ክዳኑን በብረት አሠርቼ ጓጉንቸር አደረግሁበት። ቁልፉ ከቤት ቁልፍ ጋር አንገቴ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ በዓል ሲሆን፣ ሠርግ ሲኖር ነው ሰው የሚረሳው። ውሃ የሚቀዳ ይበዛል፣ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ከፍቶት ይሄዳል።

ፎርማን
ሐምሌ 9፣ ጠዋት 12:50

እዚህ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። እንቅልፍ አጥቼ ነው የጻፍኩት።

ሕንፃ ሥራ ላይ ነኝ። ለመሠረትና ለፍሳሽ የቆፈርነው ጉድጓድ አለ። ሥራው በገንዘብ ምክንያት ቆመ፤ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ዝናብ ሞላው። ውሃው ጭቃ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም። ላዩን ያየው ልጅ ጉልበቱ ድረስ ይመስለዋል፤ እውነተኛው 3 ሜትር ነው። ጎኑ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዋና የሚችል ልጅ እንኳን የሚይዘው አጥቶ ይደክማል።

ትናንት ይህን ጽሑፍ አንብቤ ማታ ሄጄ አየሁት። ጠርዙ ላይ አራት ጥንድ ሸበጥ ተደርድሯል። ትንንሽ ናቸው። ልጆቹ ከወዲያ በኩል ቁጭ ብለው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረዋል። አባረርኳቸው፣ ሮጡ። አንዱ ሸበጡን ጥሎ ሄደ። ሸበጡ አሁን እኔ ጋ ነው ያለው።

ዛሬ በራሴ ብር ቆርቆሮና እንጨት ገዝቼ አጥራለሁ። አሠሪው ከፈለገ በኋላ ይክፈለኝ። ፓምፕ ካገኘሁም አስመጥጠዋለሁ። ሰፈራችሁ እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ካለ ባለቤቱን ጠይቁ። እምቢ ካለ ተሰብስባችሁ ቀበሌ ሂዱ። ከደቻቱ አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች የሚተዉትንም ጉድጓድ እዩ። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ከዳር ሲያዩት ኩሬ ነው የሚመስለው።

እናት ከቀፊራ
ሐምሌ 9፣ ጠዋት 2:15

ወንድሜ፣ ሰፈሩ የት ነው? በውስጥ ጻፍልኝ። ባለቤቴ አናጢ ነው፣ ይመጣልሃል።

የሐሮማያ መንገድ ተጓዥ
ሐምሌ 9፣ ቀን 8:00

ከድሬ ሐረር እየተመላለስኩ ነው የምሠራው። የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ እንደነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሁን ውሃው ተመልሷል፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ግን በመሀሉ ያደጉት ልጆች ሐይቁን የሚያውቁት ሜዳ ሆኖ ነው። የውሃ ልምድ የላቸውም። ታቹ ጭቃ ነው፣ እግር ይውጣል። ጥቂት እርምጃ ገብቶ ወገቡ ድረስ የነበረ ልጅ ሲንሸራተት አይቻለሁ።

ያዳነው ምን መሰላችሁ? ቢጫ ጀሪካን። አንድ ገበሬ አትክልት ሊያጠጣ የያዘውን ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ወረወረለት። ልጁ አቅፎ ያዘው። ከዚያ ሰውዬው ሽርጡን ፈታና ጫፉን ወረወረ። አልገባም። ጓደኛው ልግባ ብሎ ሲሮጥ በክንዱ ይዞ አስቀረው። በኋላ ስጠይቀው «የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ነው የሚይዘው፤ አንተን ከያዘህ ሁለት ሬሳ ነው» አለኝ።

ልጆቻችሁን ይህን አስተምሩልኝ። ጓደኛ ሲሰጥም ተከትሎ አይገባም። ይጮሃል፣ ጀሪካን ይወረውራል፣ እንጨት፣ ሽርጥ፣ ነጠላ፣ ያገኘውን ይዘረጋል። ራሱ ግን መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚዘረጋው፤ ቆሞ ከሆነ ይሳባል።

የሳቢያን ነርስ
ሐምሌ 9፣ ማታ 3:30

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐምሌ 18 የዓለም የመስጠም መከላከያ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2021 የሰየመው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ወደ 300,000 ሰው በውሃ መስጠም እንደሞተ ገምቷል፤ ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። እኛ ደግሞ ለራሳችን ሰፈር እንሰብሰብ። እኔ ደረት መጫን የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ከሥራ ቦታ ለምኜ አመጣለሁ። እያንዳንዱ እናትና አባት በእጁ እስኪሞክረው አንለያይም። ማንበብና መጫን አይገናኙም፤ እጅ ራሱ መልመድ አለበት። 19 ቁልቢ የሚሄድ ስላለ 18 ይሻላል።

የከዚራ ልጅ
ሐምሌ 9፣ ማታ 3:44

እኔ አለሁ። ጀሪካን ውርወራ ለልጆቹ አለማምዳለሁ። ገመድ አለኝ። እናት ከጀጎል፣ ዋና የምትችል እህት አለችኝ። ሴቶች ለብቻ የሚማሩበት ሰዓት የሚሰጠን ገንዳ እያጠያየቅሁ ነው።

እናት ከጀጎል
ሐምሌ 9፣ ማታ 3:58

ወላሂ ካገኘህ ስድስት ልጆች ይዤ ነው የምመጣው።

ፎርማን
ሐምሌ 11፣ ማታ 1:20

ታጥሯል። የቀፊራዋ እህታችን ባለቤት ከጠዋት እስከ ማታ አብሮኝ ሠራ፣ ምሳም ይዞ ነው የመጣው። ውሃውን መጥጠን አልጨረስንም፤ ግማሽ ቀርቷል፣ ነገ እንቀጥላለን። የሸበጡ ባለቤት ከእናቱ ጋር መጥቶ ወሰደ። እናቱ ጉድጓዱን አይታ ቃል አልተናገረችም። የልጁን እጅ አጥብቃ ይዛ ሄደች።

እናት ከቀፊራ
ሐምሌ 12፣ ማታ 2:45

ቤቴ የተለወጠውን ልንገራችሁ። በርሜሉ ክዳን ተሠርቶለት ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ልብስ የማጥበው ትንሿን ልጄን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነው፣ ወይም የሚይዛት ሰው ሲኖር። ሳፋው ሥራ ሲያልቅ ተደፍቶ ነው የሚያድረው፤ ባልዲውም እንዲሁ። ሳሙና ከረሳሁ ልጄን ይዤ ነው የምገባው።

ትልቁን ደግሞ ጋሼ ያሉትን ሦስቱን አስጠናሁት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ከበር ኳሱን ይዞ ገባ። እዚህ ፀሐዩ እንደ እሳት ነው። «ምነው ቶሎ መጣህ?» አልኩት። «ደንገጎ ጠቁሯል» አለኝ። ጓደኞቹንም ይዟቸው ነው የመጣው፤ አምስት ናቸው። ግቢውን ኳስ ሜዳ አደረጉት፣ አንድ የአበባ ማሰሮ ሰብረውብኛል።

ደቻቱ 11 ሰዓት ላይ ወረደ።

የደቻቱ ዳር ሰው
ሐምሌ 12፣ ማታ 3:05

እኔም ከደጄ ቆሜ አይቼዋለሁ ልጄ። አሸዋው ላይ ሰው አልነበረም። 18 ላይ ልጁን ይዘሽው ነይ፣ ኳስ እገዛለታለሁ።